ዓይን መጨፈን ብቻውን ልክ አያስይዝም፦ የቡድሂዝም የአኗኗር ምክር ከጅማ ሲታይ

ስልክ ላይ የሚዘዋወሩትን አጫጭር ቪዲዮዎች ያየ ሰው ሥዕሉን ያውቀዋል። አንድ ሰው እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ከጀርባው ውኃ ይወርዳል፣ ረጋ ያለ ድምፅ «ትንፋሽህን ተከተል፤ በቀን 10 ደቂቃ ይበቃሃል» ይላል። ከሥሩ «የቡድሃ ጥበብ» ተብሎ ይጻፍበታል። ውሸት አይደለም፤ ከትልቅ ትምህርት ጫፉን ቆንጥሮ መያዙ ነው ችግሩ። የቡድሂዝም ጥንታዊ ጽሑፎች ነግዶ ለሚያድር፣ ልጅ ለሚያሳድግ ተራ ሰው የሚሰጡት ምክር በአመዛኙ ስለ መቀመጥ አይናገርም። ምን ያህል እንደሚበላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚዋል፣ ገቢና ወጪ እንዴት እንደሚመዛዘን ነው የሚዘረዝረው። ከሰዓት በኋላው በበርጫ፣ ሌሊቱ በስልክ፣ ገንዘቡ በቡና ወቅት ለሚወሰን እንደ ጅማ ላለ ከተማ ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅመው ይኸው ወደ ቪዲዮው ሳይገባ የቀረው ክፍል ነው።

ቡድሃ ተብሎ የሚታወቀው ሲድሃርታ ጎታማ ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር፣ ሉምቢኒ በተባለ ቦታ የተወለደ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሰሜን ሕንድ ያስተማረ ሰው ነው። በድሎት አደገ፤ ያንን ጥሎ ወጥቶ 6 ዓመት ሰውነቱን በረኃብ ሲቀጣ ኖረ። ሆዱን ሲዳስስ የጀርባ አጥንቱ እጁ ላይ እስኪመጣ ድረስ ከስቶ ነበር ይላሉ ጽሑፎቹ። ጥቅም እንደሌለው ሲያውቅ መብላት ጀመረ፤ አብረውት የነበሩ 5 ባልንጀሮቹም ተስፋ ቆርጠውበት ሄዱ። በኋላ በቫራናሲ አጠገብ ሳርናት ላይ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሰጠው ለነዚሁ 5 ሰዎች ነው፦ ድሎትን ማሳደድም ሰውነትን ማሠቃየትም የትም አያደርሱም አላቸው። መካከለኛው መንገድ የሚባለው ከዚህ ይነሣል። «ከሁሉም ትንሽ ትንሽ» ማለት አይደለም። አንዳንዱ ነገር ጨርሶ ይተዋል፣ አንዳንዱ በልክ ይያዛል፤ ልኩም ባስከተለው ውጤት ይፈተናል።

የጅማ አንባቢ ባብዛኛው ሙስሊም ወይም ክርስቲያን ነው። የሆዱን ሲሶ ለምግብ፣ ሲሶውን ለመጠጥ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ ይተው የሚለውን ሐዲስ የሚያውቅ፣ ወይም ረቡዕና ዓርብን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ስለ ልክ ሕንድ ድረስ ሄዶ መማር ምን ያደርግለታል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ቡድሂዝም በፈጣሪ ላይ ያልተመሠረተ፣ ግቡም ከመከራ መላቀቅ የሆነ ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው እንጂ ቦርጭ ማጥፊያ አይደለም። ለማንም አንባቢ የሚተርፈው ግን አሠራሩ ነው። «በልክ ብላ» ብሎ አያልፍም፤ ልኩ በምን በምን እንደሚቀነስ፣ ማን እንደሚያስታውስ፣ የቱ ጋ እንደሚከሽፍ ይናገራል።

ንጉሡና የሩዙ መስፈሪያ

በቡድሃ ዘመን በሰሜን ሕንድ የነበረው የኮሳላ መንግሥት ንጉሥ ፓሴናዲ በአንድ ማዕድ አንድ ዶና ሩዝ ከነወጡ ይበላ ነበር። ዶና ትልቅ መስፈሪያ ነው፤ በኋላ ዘመን ማብራሪያ የጻፉ ሊቃውንት 16 ናሊ ይይዛል ይላሉ። አንድ ቀን ጠግቦ እያለከለከ ቡድሃ ፊት ቀረበ። ቡድሃ አልገሠጸውም፤ ሁልጊዜ የሚያስተውልና በምግቡ ልኩን የሚያውቅ ሰው ሕመሙ እንደሚቀልለት፣ እርጅናውም እንደሚዘገይ የሚናገር አጭር ግጥም ነገረው። ንጉሡ ከኋላው የቆመውን ሱዳሳና የተባለ ወጣት ጠርቶ ግጥሙን በቃሉ እንዲይዝና ማዕድ በቀረበ ቁጥር እንዲያሰማው አዘዘ። በቀን 100 ካሃፓና ይከፍለው ነበር። ካሃፓና የዘመኑ ገንዘብ ነው። ንጉሡ ቀስ በቀስ ከ1 ናሊ የማይበልጥ ሩዝ ላይ ደረሰ፤ ሰውነቱም ቀለለው። ማብራሪያዎቹ አንድ ዝርዝር ይጨምራሉ፦ ግጥሙ የሚባለው የመጨረሻዋ ጉርሻ ላይ ሲደርስ ነበር፤ ንጉሡ ያችን ጉርሻ ይተዋታል፣ በማግስቱ የሚቀቀለው ሩዝም በዚያው ልክ ተቀንሶ ይሰፈራል።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የፍላጎት ጥንካሬ የሚባል ነገር የለም። አስታዋሹ ሌላ ሰው ነው። የሚያስታውሰው እጅ ሳህን ላይ ሳለ ነው፤ ማታ ጸጸት ላይ አይደለም። ቅነሳው የሚደረገው ከማብሰሉ በፊት ነው፤ የቀረበን ምግብ መተው ከባድ ነው፣ ያልተሰፈረን ሩዝ ግን ማንም አይበላውም። በአንድ ቀን ከ16 ወደ 1 የወረደም የለም።

ወደ ቤታችን ማዕድ እንምጣ። በአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ የአበላሉን ፍጥነት የሚወስነው ከሁሉ የሚፈጥነው ሰው ነው፤ ሌላው ሳይታወቀው ይከተለዋል። ሆድ መሙላቱን ለአንጎል የሚያሳውቀው መልእክት ለመድረስ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ትሪው በ10 ደቂቃ ካለቀ መልእክቱ የሚደርሰው እንጀራ ከተጨመረ በኋላ ነው። ሳሪፑታ የተባለው የቡድሃ ታላቅ ደቀ መዝሙር ለዚህ የሚሆን ቀላል መለኪያ ትቷል፦ ለመጥገብ 4 ወይም 5 ጉርሻ ሲቀርህ አቁምና ውኃ ጠጣ። ትሪ ላይ እንዲህ ይሠራል፦ ከመቀመጥ በፊት ከራስ ድርሻ የእንጀራውን ሩብ ቆርሶ መሶብ ውስጥ መተው፣ ያጎረሱትን ውጦ ሳይጨርሱ እጅን ወደ ወጡ አለመመለስ፣ የማጠቃለያውን ውኃ አስቀድሞ አጠገብ ማስቀመጥ። ሩቡ ከተለመደ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሩብ ይቀነሳል። ሊጡ ሲቦካም በዚያው ልክ ካልተቀነሰ ግን የተረፈው እንጀራ ማታ በፍርፍር መልክ ተመልሶ ይመጣል። ጉርሻ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ አንዱን ተቀብሎ ከራስ ድርሻ መቁጠር ይሻላል። አስታዋሽ የሚሆነው ደግሞ ልጅ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፣ ይሉኝታም አይዛቸውም።

በሰዓት በኩል የቡድሂስት መነኮሳት ሥርዓት ጥብቅ ነው፤ ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ይበላሉ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ6 ሰዓት በኋላ እህል አይቀምሱም። የኦርቶዶክስ ጾመኛ የሚጀምረው 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ ሁለቱ ጀርባና ሆድ ናቸው። ምእመናኑ በዚህ አይገደዱም፤ ጨረቃ ስትወልድ፣ ስትሞላና በሁለቱ አጋማሾች፣ ማለትም በወር 4 ቀን ገደማ፣ የሚፈልጉ ይጠብቁታል። ቡድሃ ራሱ ማታ አለመብላቱ ሰውነቱን ቀላልና ጤነኛ እንዳደረገለት ለደቀ መዛሙርቱ ተናግሯል። ለእኛ የሚቀረው ፍሬ ነገር የቀኑ ከባድ ምግብ ቀን ላይ፣ ቀላሉ ማታ ይሁን የሚለው ነው። ጅማ ላይ ይህን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ በርጫ ነው።

ከ8 ሰዓት በኋላ

ባዶ ሆድ አይቃምም ተብሎ ምሳ ከወትሮው ከበድ ተደርጎ ይበላል። ከዚያ ምንጣፍና ትራስ፣ ውኃ፣ ሻይ በቴርሞስ፣ ኦቾሎኒ፣ ለስላሳ ይደረደራል። ቅጠሉ ረኃብን ስለሚያጠፋ እራት ይዘለላል፤ ምርቃናው ሲወርድ፣ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ፣ ረኃቡ ይመጣል። ስኳሩን ማንም አይቆጥረውም። አብዛኛው ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠርሙሶች 60 ግራም ይሆናሉ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የገባበት አንድ ብርጭቆ ሻይ 12 ግራም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የሚያስቀምጠው ጣራ 50 ግራም ነው፣ ቢቻል ደግሞ 25። አንድ ከሰዓት በኋላ ጣራውን ሰብሮ ያልፋል ማለት ነው፤ ያውም ሰውየው «ዛሬ እኮ እራት አልበላሁም» እያለ።

ቡድሂዝም ስለ ጫት ምን ይላል? በስም አይጠራውም። ለምእመናን ከተሰጡት አምስት ሕግጋት የመጨረሻው የሚያሰክር መጠጥን የሚመለከት ሲሆን ምክንያቱን አብሮ ያስቀምጣል፦ ሰውን ቸልተኛ የሚያደርግ ስለሆነ። በዚህ መመዘኛ ክርክሩ ከቅጠሉ ወደ ውጤቱ ይዞራል፤ ከመቃሙ በኋላ ያለው ሰው የሚናገረውን፣ የሚያወጣውን፣ የሚተኛበትን ሰዓት ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም? መልሱን የበርጫ ታዳሚ ሁሉ ያውቀዋል። በምርቃና ፎቅ ይሠራል፣ ሱቅ ይከፈታል፣ ውጭ አገር ይኬዳል፤ ሲነጋ አንዱም የለም። ምርቃና ራሱ ማሰላሰል ነው የሚሉም አሉ፤ ሐሳብ አንድ ነገር ላይ ስለሚተከል ይመስላል። የቡድሂዝም ማስተዋል ግን ሐሳብ የት እንደሄደ ማወቅ ነው፤ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሐሳቡ ሲወስደው የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ስለ ጨብሲ ማውራትም አያስፈልግም፤ ምርቃናን በመጠጥ መስበር አምስተኛውን ሕግ በቀጥታ ይነካል፣ አንዱን ሱስ በሌላው ያስራል።

ልክ ለማበጀት የቅጠሉን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። የሚያነቃቃው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ደካማ ወደ ሆነው ካቲን ስለሚቀየር ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በትኩሱ የሚሸጠው። በደም ውስጥ ካቲኖን ጫፍ ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ 8 ሰዓት ላይ ጀምሮ 10 ሰዓት ላይ ያቆመ ሰውና 10 ሰዓት ላይ ጀምሮ 1 ሰዓት ላይ ያቆመ ሰው ያንኑ ያህል ቢቅሙም እንቅልፋቸው አንድ አይደለም።

ቅነሳው ላይ የፓሴናዲ ዘዴ ይሠራል። የሚቀነሰው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ዙርባው ሲፈታ ሩቡ ተለይቶ ለሌላ ይሰጣል ወይም ከመጀመሪያው አነስ ተደርጎ ይገዛል። «ስጀምር አያለሁ» ያለ ሰው አይቀንስም፣ ምክንያቱም ምርቃናው ከመጣ በኋላ መለኪያው ራሱ የለም። አንድ ሩብ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ሌላ ሩብ፤ ከዚህም ጋር የማቆሚያ ሰዓት። ለዓመታት በየቀኑ የቃመ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ድብርት፣ የእንቅልፍ ብዛት፣ ሐራራ ይመጣበታል፤ ሌሊት ደግሞ ዱካክ። የሚያስጨንቀው ቅዠት መነሻ አለው፦ አነቃቂ ነገር ለረጅም ጊዜ አፍኖት የቆየው ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ሲለቀቅ በብዛት ይመለሳል። አብዛኛው ሰው ወደ ጫቱ የሚመለሰው በነዚህ ሌሊቶች ነው፤ ያልፋል ብሎ የነገረው ሰው ስለሌለ።

ለብቻ መቀነስ የማይሳካበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ በርጫ ጓደኝነት ነው፣ የሥራ ወሬ ነው፣ የቡና ዋጋ የሚሰማበት ቦታ ነው። ሰውየውን ከቅጠሉ ስታወጣው ከሰዎቹም ታወጣዋለህ። ቡድሃ ዲጋጃኑ ለተባለ ባለትዳር በሰጠው ምክር የዚህ ዓለም ኑሮ የሚቃናባቸውን አራት ነገሮች ሲቆጥር መልካም ባልንጀራን አንዱ ያደረገው በዋዛ አይደለም። የሚያዋጣው ጭፍራውን ሳይበትኑ ልማዱን መቀየር ነው፦ ቤቱ ውስጥ 10 ሰዓት ላይ ቅጠል እንዲነሣ መስማማት፣ ለስላሳውን በውኃ መተካት፣ ከሳምንቱ አንድ ቀን ሰዎቹ ያለ ጫት እንዲገናኙ ማድረግ። ቀኑ ቁርጥ ያለ ይሁን፤ «ሲመቸን» የተባለ ቀን መጥቶ አያውቅም።

ቡና ላይ ቡድሂዝም ጠብ የለውም፤ የእስያ መነኮሳት ነቅተው ለመቆየት ሻይ ሲጠጡ ኖረዋል። ጅማ ላይ መጠየቅ ያለበት ሰዓቱ ነው። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ አቦል ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይም ገና አለ። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱ ጣራዎች ናቸው። ነፍሰ ጡር ሴት በቶና ወይም በበረካ ብትጀምር ማንም አይቀየማትም።

ጥናቱ ያሳየውና ያላሳየው

ዘመናዊው የማስተዋል ሥልጠና ከቡድሂዝም ተነጥሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ጆን ካባት ዚን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የ8 ሳምንት ፕሮግራም ጀመረ። ቤት ውስጥ በቀን እስከ 45 ደቂቃ ልምምድና ሳምንታዊ የቡድን ስብሰባ ነበረው፤ ከ10 ደቂቃው ቪዲዮ ጋር አይገናኝም። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃማ ኢንተርናል ሜዲሲን የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ 47 ሙከራዎችንና 3,515 ተሳታፊዎችን ሰብስቦ መዘነ። ጭንቀት፣ ድብርትና ሕመም ላይ መጠነኛ መሻሻል ተገኘ። አመጋገብ፣ እንቅልፍ፣ የሰውነት ክብደትና ሱስ ላይ ግን ለውጥ ያመጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

ይህ ውጤት መነበብ ያለበት በጥንቃቄ ነው፤ የቡድሃ ሌሎች ምክሮች ይሠራሉ ማለትም አይደለም፣ ሙከራዎቹ እነሱን አልፈተኑም። ነገር ግን ሰዎች ከቪዲዮው የሚጠብቁት አብዛኛው ነገር፣ መክሳት፣ መተኛት፣ ሱስ መተው፣ ማስረጃ በጎደለበት በኩል ነው ያለው። ጥንታዊው ትምህርት ደግሞ እነዚህን ጉዳዮች መጀመሪያውኑ ለመቀመጥ አልሰጣቸውም፤ በመስፈሪያ፣ በሰዓትና በባልንጀራ ነው የያዛቸው። መቀመጡ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ሐራራ ወይም ንዴት ሲነሣ ሳይቀድመን እንድናየው።

መቀመጡ ራሱ ሲሠራ እንዲህ ነው። ወለል ላይ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ወንበር ወይም በርጩማ ይበቃል፤ እግር መሬት ይርገጥ፣ ጀርባ ሳይደገፍ ቀጥ ይበል። ጠዋት ከቁርስ በፊት 10 ደቂቃ ጥሩ ነው። ትንፋሹ በራሱ መንገድ ይግባ ይውጣ፤ በወጣ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እየተባለ ይቆጠራል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5ኛው መቶ ዘመን በስሪላንካ ያስተማረው ሊቅ ቡድሃጎሳ ቆጠራው ከ5 አይነስ፣ ከ10 አይብለጥ ይላል፤ ካነሰ ሐሳብ ይጣበባል፣ ከበዛ ሐሳብ በትንፋሹ ፈንታ ቁጥሩን ይይዛል። የጠፋበት ሰው ከ1 ይጀምራል። ይኸው ነው።

የሚበላሸው ባብዛኛው በሦስት መንገድ ነው። አንዱ ትንፋሽን እየሳቡ ማስረዘም ነው፤ አብዝቶ የተነፈሰ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ራሱ ይዞራል፣ ጣቶቹም ይነዝሩታል፤ አንዳንዱ መንፈሳዊ ነገር የመጣ ይመስለዋል። ሌላው ሐሳብ ጨርሶ እንዲቆም መጠበቅ ነው፤ ሐሳብ አይቆምም፣ ሥራው መሄዱን ማወቅና መመለስ ነው። ሦስተኛው እንቅልፍ ነው፤ በተለይ ከምሳ በኋላ። ሞጋላና የተባለው ደቀ መዝሙር ሲያንጎላጅ ቡድሃ በተራ የሚሞከሩ መፍትሔዎችን ሰጥቶታል፦ የያዝከውን ሐሳብ ተወው፣ የተማርከውን አስብ፣ ድምፅህን አሰምተህ ድገመው፣ ጆሮህን ሳብ ሳብ አድርግና ገላህን እሽ፣ ተነሥተህ ዓይንህን በውኃ ታጠብና ወደ ሰማይ ተመልከት፣ ብርሃንን አስብ፣ ወዲያ ወዲህ ተራመድ። ሁሉም እንቢ ካለህ በቀኝ ጎንህ ተኛ። የመጨረሻውን የምወደው ለታማኝነቱ ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያስፈልገው እንቅልፍ ነው።

ዝም ብሎ መቀመጥ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ። ድምፅ የሚሰማው፣ ሰዎች ያሳድዱኛል የሚል፣ ከባድ አደጋ ወይም ጥቃት ደርሶበት ትዝታው የሚመላለስበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ሊብስበት ይችላል። ብዙ የሚቅም ሰው ላይ ጥርጣሬና ፍርሃት ሲበረታም እንዲሁ ነው። ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፤ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

መቀመጥ ለማይሆንለት መራመድ አለ። ጽሑፎቹ እየተራመዱ ማስተዋልን አምስት ጥቅም አለው ይላሉ፦ ለረጅም ጉዞ ያዘጋጃል፣ ለትጋት ያበረታል፣ ጤና ይሰጣል፣ የተበላውን ያፈጫል፣ የተገኘው የሐሳብ መረጋጋትም ቶሎ አይጠፋም። ወደ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደው ዳገት ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ የሚያለከልክ ከሆነ ደልዳላው መንገድ ይሻላል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውን 150 ደቂቃ ይሞላል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ስልክን በተመለከተ ሊቃውንቱ ለማንኛውም ድርጊት ያስቀመጡት ጥያቄ ይበቃል፦ ለምን ጉዳይ? ጊዜውስ ነው? ቴሌግራም የከፈተ ሰው ለመጀመሪያው መልስ ካለው ጨርሶ ይዘጋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ርካሽ የሆነ የኢንተርኔት ጥቅል የገዛ ሰው ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልስ ነው የገዛው፤ በብር ያተረፈውን በእንቅልፍ ይከፍላል።

የቡና ገንዘብ

ጅማ ዙሪያ ቡና በዋነኛነት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ገንዘቡ በነዚያ ወራት ተከምሮ ይመጣል፤ ክረምት ላይ ደግሞ ቤቱ ይራቆታል። ከላይ ያነሣነው ዲጋጃኑ ቡድሃን የጠየቀው እኛ ልጆች የምናሳድግ፣ ሽቶ የምንቀባ፣ ብር የምንነካ ሰዎች ነን፤ ለእኛ የሚሆን ንገረን ብሎ ነው። ከባልንጀራ ሌላ የተቆጠሩለት ሦስቱ ትጋት፣ ያገኙትን መጠበቅና የተመዛዘነ ኑሮ ናቸው። ስለ መጨረሻው ሲናገር ሚዛን የያዘ ሰው ይህን ያህል ወረደ፣ ይህን ያህል ወጣ እንደሚል ገቢን ከወጪ አስተያይ ይላል። ገቢው ትንሽ ሆኖ አንበሽብሾ የሚኖረውን ዛፍ አራግፎ ሾላ ከሚበላ ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ የሚበላው ጥቂት፣ የሚረግፈው ብዙ። ተርፎት ራሱን የሚያስርበውንም አይምረውም። ሀብት የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች አራት ናቸው፦ ሴሰኝነት፣ ስካር፣ ቁማርና ክፉ ጓደኛ። ቁማሩ ዛሬ ስልክ ላይ የሚደረገውን የእግር ኳስ ውርርድ ይጨምራል፤ ለጨዋታው አዲስ ስም ስለወጣለት ቀዳዳው አልተደፈነም።

ሲጋላካ ለሚባል የሀብታም ልጅ ደግሞ የገንዘብ አከፋፈል ተነግሮታል፦ አንዱ እጅ ለኑሮ፣ ሁለቱ እጅ ለሥራ፣ አራተኛው ለክፉ ቀን። 100,000 ብር የቡና ሽያጭ ቢገኝ 25,000ው ለቤት፣ 50,000ው ለችግኝ፣ ለለቃሚ ክፍያና ለንግድ፣ 25,000ው ተቀማጭ ይሆናል። ይህ ቀመር ለሁሉም አይሠራም፤ የተነገረውም ንብረት ላለው ሰው ነው። በሩብ ገቢ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ወይም ደመወዝተኛ የለም። ለሱ የሚሻለው ሚዛኑ ነው። ማሳ ያለው ገበሬም ቢሆን የመጀመሪያውን እጅ በአንድ ጊዜ ቢያወጣው ሚያዝያ ላይ ያልቃል፤ 25,000ውን ለ12 ማካፈልና በወር ከ2,083 ብር በላይ እንዳይነካ ለሌላ ሰው፣ ለሚስት ወይም ለታላቅ ወንድም፣ አደራ ማድረግ የሱዳሳናን ሥራ ይሠራል። አራተኛውን እጅ በከፊል እድር ይሸፍነዋል። ዕቁብ ግን ዞሮ የሚደርስ ገንዘብ ስለሆነ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው እጅ ነው የሚመቸው፤ ዕጣው ሲወጣ ድግስ ከተደገሰበት ከመጀመሪያው እጅ ላይ የተወሰደ ነው።

ሚዛኑ የሚያዘው በደብተር ነው። አንድ የተማሪ ደብተር፣ በግራ የገባ፣ በቀኝ የወጣ። ጫት፣ ለስላሳ፣ ውርርድና የስልክ ጥቅል ከአስቤዛ ጋር ሳይደባለቁ ለየብቻ ይጻፉ፤ «ልዩ ልዩ» በሚል ከተጠቃለሉ ድካሙ ከንቱ ነው። የትንንሽ ወጪዎች ትዝታ እስከ ማታ ስለማይቆይ የሚጻፈው በዕለቱ ነው። የሚደመረው ግን ጠዋት ነው፣ ከመቃም በፊት፤ በምርቃና የተደመረ ሒሳብ ሁልጊዜ ትርፍ ያሳያል።